አባ ወጥ ቤት የተቀመጡባቸው ቅዳሜዎች

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን ያሰብነው ሦስት ሰዎች ነን። አንዷ በየቤቱ እየሄዱ አረጋውያንን የሚንከባከቡ እትዬ ናቸው። ሌላው ሃውቶርን ከተማ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን ክፍል ሲነድፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ጋሼ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ቀን ቀን ምግብ አደርሳለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት ግጥም እጽፋለሁ። አንድ ቦታ ከሃያ ደቂቃ በላይ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ እግሬ ይወዛወዛል።

የምንገናኘው ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ ነበር። ጋሼ ሰዓቱን በሳጥን በሳጥን ከፋፍለው ይመጣሉ፤ ጸሎት አምስት ደቂቃ፣ ንባብ አሥር፣ ውይይት ሠላሳ። የመወያያ ጥያቄዎቹን እኔ እጽፋለሁ። ሰው የሚጠሩት እትዬ ናቸው። ሰበካ ጉባኤው የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ለአራት ቅዳሜ ፈቀደልን። መጽሐፈ ሩትም አራት ምዕራፍ ናት። ጋሼ ይህን ሲያዩ "ፐርፌክት" አሉና ሽሯቸውን ጎረሱ።

የእትዬ ሐሳብ ግን ከሳጥኖቹ ውጭ ነበር። ዌስት አዳምስ ሰፈር አብራቸው የምትኖር ታናሽ እህት አለቻቸው። የእሷ ወንድ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ለቅሶው ላይ አንድ ሰው ሊያጽናናት ብሎ "ሴቷ ልጅሽ አለችልሽ፣ ተመስገን በይ" አላት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ገብታ አታውቅም። እትዬ መኪና ስለማይነዱ በየሳምንቱ ድራይቭ አድርጋ ታመጣቸዋለች። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አጥሩ ጥግ ፓርክ ታደርግና ሞተሩን አጥፍታ፣ እስኪወጡ ድረስ እዚያው መኪናው ውስጥ ትጠብቃቸዋለች።

"ከመኪናው እስከ አዳራሹ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው" አሉን እትዬ። "ጥያቄ አላት። የሚጠየቅበት ቦታ ካገኘች ትገባለች። እኔ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው።"

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰው መጣ፤ ወንበር እስኪጎድል። አባ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ በጸሎት ከፈቱልንና ፊት ለፊት ተቀመጡ። ምዕራፉ ተነበበ። ኑኃሚን ባሏንም ልጆቿንም በሰው አገር ቀብራ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ የከተማው ሴቶች "ይህች እሷ ናት?" ይላሉ። እሷም ከእንግዲህ መራራ በሉኝ ትላቸዋለች። እኔ በጣም የኮራሁበትን ጥያቄ አነበብኩ፦ ሴቶቹ ምን ብለው መለሱላት? መጽሐፉ አይናገርም።

ከዚያ ሁሉም ዓይን ወደ አባ ዞረ። አባም መለሱ፤ ደግሞ ጥሩ አድርገው። ሲጨርሱ ሕዝቡ አሜን አለ። የጋሼ ሠላሳ ደቂቃ በአራት ደቂቃ አለቀ። በሁለተኛው ቅዳሜም አንድ ሰው ብቻ ተናገረ። እሱም "አባ እንዳሉት ነው" ብሎ ተቀመጠ።

ስህተቱ የማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። እኛ ቤት ካህን ባለበት ሰው አይከራከርም። አባ ከተናገሩ ነገሩ ተዘግቷል። እኛ ደግሞ ወንበራቸውን መሀል ላይ ያደረግነው ለአክብሮት ነበር።

"ሶ፣ ማን ይነግራቸዋል?" አሉ ጋሼ ምግብ ቤቱ ውስጥ።

"እርስዎ የተማሩ ነዎት" አሉ እትዬ።

"እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የንስሐ ልጃቸው ነኝ። ውጡልኝ ልበላቸው?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ሂድ" አሉኝ እትዬ። "ልጅ ስለሆንክ ብታጠፋም ይምሩሃል።"

አባን ያገኘኋቸው የጧፉን ጠብታ ከሳህን ላይ በቢላ ሲፍቁ ነው። በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ግማሹ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። እጃቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝ።

"ልውጣ ነው የምትለው?"

"ኖ፣ አባ። ማለቴ… አዎ።"

"ከጸሎቱ በኋላ?"

"አዎ።"

"ታዲያ የት ልሁን?"

እሱን አላሰብንበትም ነበር። ጋሼ እንኳ ሳጥን አልሠሩለትም። አባ ቢላውን አስቀመጡና "ወጥ ቤት ሁልጊዜ ያልታጠበ ዕቃ አይጠፋም" አሉ። ከዚያ ወደ ጧፋቸው ተመለሱ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አባ ባርከው ወጡ። አዳራሹንና ወጥ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ላይ ምግብ የሚቀበሉበት መስኮት አለ፤ መዝጊያው ተንሻፍፎ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። አባ እዚያ መሆናቸውን ሰው ሁሉ ያውቃል። ግድግዳው ግን በቂ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ሰው ተናገረ፤ ቀጥሎ ስድስት። አማቷ ሩትን በጨለማ ወደ አውድማ መላኳ ልክ ነው ወይ በሚለው ላይ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ።

"እኔ ብሆን በማታ አልልካትም" አለ አንድ ሾፌር።

"አንተ በቀን ብትልክስ ማን ይሄድልሃል?" አለችው ሚስቱ።

ሳቁ መሀል አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከመስኮቱ ወዲያ ቧንቧው ይሰማል። ሰው መናገር ሲጀምር ውሃው ይቆማል፤ ተናጋሪው ሲጨርስ እንደገና ይከፈታል። ሠላሳውን ደቂቃ ሙሉ እንዲሁ ሆነ። አባ አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው እየዘጉ ነበር።

ሰዉ እየተከራከረ ወደ ግቢው ወጣ። የእትዬ እህት የመኪናዋን መስኮት ዝቅ አድርጋ እኔን ጠራችኝ።

"በምንድን ነው የምትጣሉት?"

"በሩት።"

"ጸብ ይፈቀዳል እንዴ እዚህ?"

የቀጣዩን ሳምንት የጥያቄ ወረቀት በመስኮቱ ሰጠኋት።

በአራተኛው ቅዳሜ ሃያውን እርምጃ ተራመደች። በሩ አጠገብ፣ መውጫው ጋ ተቀመጠች። ምዕራፉ ተነበበ። ሩት ወንድ ልጅ ትወልዳለች፤ ኑኃሚን ሕፃኑን ታቅፋለች፤ የከተማው ሴቶች አሁን አፋቸውን ከፍተው ደስ ይበልሽ ይሏታል። እኔ ጥያቄዬን ላነብ ወረቀቴን ሳነሳ ቀደመችኝ። ድምጿን ከፍ አደረገች። የምትናገረው ለእኛ አልነበረም፤ ለተንሻፈፈው መስኮት ነበር።

"የሞቱት ልጆቿስ? አንዱ ልጅ ሌላውን ይተካል?"

ውሃው ቀድሞ ቆሞ ነበር። አሁን ግን ተመልሶ አልተከፈተም።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና አባ ገቡ። ፎጣ ትከሻቸው ላይ ነው፤ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ርሷል፤ መስቀላቸውን አልያዙም። እንደ ልማዳችን ሁላችንም ተነሳን። እሷ ብቻ አልተነሳችም። አባ በመካከላችን አልፈው አጠገቧ ያለውን ታጣፊ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሕዝብ ቆሞ ካህን ተቀምጦ፣ ምን እንደምናደርግ ጠፋን።

"ልጅሽን የቀበርኩት እኔ ነኝ" አሏት። "ያን ቀን ብዙ ተናግሬያለሁ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ዛሬ የጠየቅሽውን እኔም ወጥ ቤት ቆሜ አሰብኩት። መልስ የለኝም።"

በሕይወቴ ብዙ ካህን ሲያስተምር ሰምቻለሁ። "መልስ የለኝም" ሲል ግን አንድም አልሰማሁም። አንድ ሰው ተቀመጠ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ቀስ በቀስ ሁላችንም ተቀመጥን። ጋሼ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት። እሷ አለቀሰች፤ አባ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ፎጣ ሰጧት። ማንም አላጽናናትም። ለስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም፤ እግሬ ግን አንዴም አልተወዛወዘም። የኑኃሚን ከተማ ሴቶች በመጀመሪያው ምዕራፍ ለምን ዝም እንዳሉ የገባኝ ያኔ ነው። የኮራሁበትን ጥያቄ ሳስበው አፈርኩ።

ስንወጣ ፎጣውን በእጇ ይዛ "ቀጥሎ የትኛው መጽሐፍ ነው?" አለች።

"አዳራሹ የተፈቀደልን ለአራት ቅዳሜ ብቻ ነው" አሏት ጋሼ።

"ወጥ ቤቱስ?"

ጋሼ ወደ አባ ዞሩ። አባ ወደ እትዬ ዞሩ። እትዬ አንድ ታጣፊ ወንበር አንስተው ወደ ወጥ ቤቱ አመሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከክሬንሾው ሰፈር አንድ ምግብ ሳደርስ ዘገየሁ። ግቢው ስደርስ ዘጠኝ ወንበር ወጥ ቤት ገብቶ ጥናቱ ተጀምሯል፤ ድምፃቸው ውጭ ድረስ ይሰማል። የእትዬ እህት መኪና አጥሩ ጥግ፣ የተለመደው ቦታው ላይ ቆሟል። እየሮጥኩ ሳልፍ በመኪናው መስኮት ወደ ውስጥ አየሁ። ማንም አልነበረም።