እስከ መስከረም የሚያደርስ ቅባት

በኦሳካ የሐምሌ ፀሐይ ገና በጠዋቱ ይለበልባል። ቺዙሩ የመድኃኒት ቤቱን በር ስትከፍት ሁልጊዜ ቀድመው የሚገቡት፣ ማዶ በሚቆፈረው መንገድ ላይ ቆመው መኪና የሚያሳልፉት ሴትዮ ናቸው። ስልሳን አልፈዋል። ሄልሜታቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በላብ የሚወጣውን ጨው የሚተካ ከረሜላና ውሃ ሲነካው የሚቀዘቅዝ የአንገት ፎጣ ያነሳሉ። ዛሬ ግን የፀሐይ መከላከያ ቅባቶቹ ጋ ቆመው የእያንዳንዱን ጽሑፍ ያነባሉ።

ትናንት ፀሐዩ አዙሮ ጥሏቸው፣ ደግፋ ያስገባቻቸው ቺዙሩ ነበረች።

«እትዬ፣ ምናለ ዛሬን እንኳ ቢያርፉ?»

«ትናንት ውሃ ሳልጠጣ ወጥቼ ነው። ዛሬ ጠጥቻለሁ።» ጠንካራውን ቅባት አነሱ። «ይኼን ላብ ያጥበዋል?»

«አያጥበውም። ግን ለሥራ ከሆነ ርካሹም ይበቃዎታል።»

«ለሥራማ ይበቃኝ ነበር። መስከረም ላይ ልጄን እድራለሁ። እሷ ቢሮ ውስጥ የምሠራ ነው የሚመስላት።»

ሒሳቡን ከፍለው መስተዋቱ ፊት ቆሙና ቅባቱን እስከ ጆሯቸው ጀርባ ድረስ ተቀቡ፤ ሄልሜታቸውን አጠለቁና ወደ ፀሐዩ ወጡ። ቺዙሩ በመስኮቱ ብቅ ስትል፣ ቀይ ባንዲራቸውን ዘርግተው አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ቀጥ አድርገው አቁመውታል።