የቀኝ እግር ጫማ

ከሂልብሮው ሰፈር በተነሳው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠውን አበሻ ገና ስታየው፣ ራሕማ ሐኪም ናትና፣ "ሳንባውን ያመዋል" አለች በልቧ። ሰውዬው የአየር ሲሊንደር እንደ ሕፃን ታቅፏል። ግን ሱሪው ተተኩሷል፤ ግንባሩ ላይም ትልቅ የዋና መነጽር ጉብ ብሏል። ለሚገባው ሁሉ በአገሬው ሰላምታ "ሳውቦና!" እያለ ሲሊንደሩን ወደ ራሱ ይስባል።

"ጋሼ፣ መተንፈስ ያስቸግርዎታል?" አለችው።

"ኧረ እኔስ ደህና ነኝ፣ እህቴ። ባሕር መጥለቅ እየተማርኩ ነው። ዛሬ እዚሁ ገንዳ፣ በወሩ መጨረሻ ሞዛምቢክ።"

"ምን ሊያመጡ?"

"የቀኝ እግር ጫማዬን።"

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአንዲት አሮጌ መርከብ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ሲመጣ፣ "ቶሎ ውጡ!" ሲባል በግርግሩ አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። ኋላ መርከቧን እዚያው ሞዛምቢክ ባሕር ውስጥ ዓሣ ይራባባት ብለው ሆን ብለው አሰጠሟት። አሁን ሀገር ጎብኚ እየጠለቀ ያያታል። ግራውን ጫማ ከቦርሳው አወጣና አሳያት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀለም ሲቀባው ኖሮ እንደ መስታወት ያበራል።

ራሕማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ዓሣ ቤቱ አድርጎት ቢያገኙትስ?" አለች።

ይህን አላሰበውም ነበር። ጫማውን አገላብጦ ውስጡን አየ።

"እኔ እዚህ አገር በመጤነቴ ከሱቄ ሁለቴ ውጣ ተብያለሁ፤ ቤት ያገኘን ፍጡር ውጣ አልልም። ግራውንም ጨምሬለት እመለሳለሁ" አለና፣ ገንዳው ገና ሩቅ ሳለ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደው።