ክሪኬት ሜዳ ላይ የሸመገልኩ ዕለት

ቅዳሜ ዴይ ኦፌ ናት። አምስት ቀን ዌርሀውስ ውስጥ ቆሜ ካርቶን ሳሽግ ከርሜ፣ በስድስተኛው ቀን ደግሞ ሜዳ ላይ ስድስት ሰዓት እንድገተር ማን አዘዘብኝ? ማንም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላሉ፤ እኔን በእርግጥ ጠርተውኛል፣ ጥፋቴ አቤት ማለቴ ነው።

የጠራኝ ከጎኔ የሚሠራ ኔፓላዊ ነው። ዋይትሆል የሚባል ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ ሺፍታችንም አንድ ነው። መኪናው ትራንስሚሽኑ ስለሄደበት ሰሞኑን ራይድ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። "ዲዲ" ይለኛል፤ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ዓርብ ከሥራ ስንወጣ፣ ነገ እኔንና አባቴን ክሪኬት ሜዳ አድርሺን፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅብሽም አለኝ። እኔም አምኜ፣ የሚታጠብ ልብሴን ጭኜ መጣሁ፤ አድርሻቸው ላውንድሪ ልሄድ።

መንገድ ላይ እንደዋዛ አንድ ነገር ነገረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ይሆናል። ዶክተሩ ከዚያ በኋላ ሩጫ የሚባል ነገር እርሳው ብሎታል፣ ስለዚህ የዛሬው የመጨረሻ ጨዋታው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጫወት በአንድ ጨዋታ ሃምሳ ነጥብ ሞልቶ አያውቅም። በእነሱ ዘንድ ሃምሳ የሞላ ሰው ዜናው ለዘመድ ሁሉ ይደወላል። አባቱ ከኋላ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛ አይችሉም። ስደተኛ ካምፕ ውስጥ እያሉ ከሣንቃ ዱላ ጠርበው ጨዋታውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። "ዛሬ ሃምሳ ብሞላ አባቴ በዓይኑ ያያል" አለኝ። አንጀቴን በላኝ። አንጀቴ ባይበላ ኖሮ ልብሴን አጥቤ፣ አጥፌ፣ ተኝቼ ነበር።

ሜዳው ስንደርስ ሁለቱ ቡድኖች ገና ጨዋታው ሳይጀመር ተፋጠዋል። ተጫዋቾቹ ያደጉት ጎን ለጎን ባሉ ሁለት የስደተኛ ካምፖች ነው፤ ዛሬ አንዱ ካምፕ ከሌላው ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ አለው። የወዳጅነት ይሉታል። አምና ዳኛው ከአንዱ ወገን ነበርና ተቀያይመው ስንት ወር ሳይነጋገሩ ከርመዋል። ዘንድሮ ከሁለቱም ያልሆነ ሰው ይፈልጋሉ። ዞር ዞር ብለው ቢያዩ፣ ከሁለቱም ካምፕ ያልሆነ ሰው ቁልፏን ይዛ የቆመች እኔ ብቻ ነኝ። ኧረ ጨዋታውን አላውቀውም ብላቸው፣ እንዲያውም እሱ ነው የሚሻለው አሉ። ነጭ ካፖርት አለበሱኝ። ጉድ ፈላ።

ያስረዱኝን ላስረዳችሁ። መቺው ዱላ ይዞ ሦስት የተተከሉ እንጨቶች ፊት ይቆማል። ወርዋሪው እየሮጠ መጥቶ ኳሷን ወደ እንጨቶቹ ይለቃታል። መቺው ከመታት ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጡ ይሮጣሉ፣ እያንዳንዷ ሩጫ አንድ ነጥብ ናት። ኳሷ እንጨቶቹን ከመታች፣ ወይም ዱላውን ነክታ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው አለቀለት፣ ይወጣል። ያን ጊዜ ዳኛዋ አመልካች ጣቷን ወደ ላይ ታነሳለች። በቃ። ጣት ከተነሳች አይከራከሩም፣ ካልተነሳችም አይከራከሩም። የአምናው ዳኛ እንኳ የተጠላው በወሬ እንጂ ሜዳው ላይ አንድ ሰው ቃል አልተናገረውም አሉኝ።

ያላስረዱኝ ደግሞ ብዙ ነው። ዳኛ ማለት ኮት መስቀያ መሆኑን አልነገሩኝም። ወርዋሪ በተቀየረ ቁጥር ኮፍያውንና ሹራቡን አምጥቶ እኔ ላይ ይጥላል፤ እኩለ ቀን ላይ ሦስት ኮፍያ ደርቤ ነበር። መሀል ላይ ሻይ ለመጠጣት ጨዋታ እንደሚቆምም አልነገሩኝም። አሥራ አንድ ጎልማሳ በየደቂቃው ዞር ብሎ ፊቴ ላይ ሲጮህብኝ፣ ያ ጩኸት "ወጣ ወይስ አልወጣም?" የሚል ጥያቄ ነው ተባልኩ። ሰው ሲጠይቅ እንዲህ ነው እንዴ? ቆሽቴ አረረ። መቼ ነው የሚያልቀው ስል፣ "ሊያልቅ ነው" ይሉኛል። ሊያልቅ ነው ያሉኝ አራት ጊዜ ነው።

የእኔ ሰው ተራው ደርሶ ሲገባ ግን ድካሜን ረሳሁት። በዚያ ጉልበቱ እያነከሰ ይሮጣል። ሃያ ገባ፣ ሠላሳ ገባ። አርባ ሲሞላ አባቱ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ። ዳኛ ነኝና አላጨበጨብኩም እንጂ በሆዴ ስንቴ ተሳልኩ። አርባ ስምንት ላይ አንዲት ፈጣን ኳስ መጣች፣ ዱላውን ጫፉን ጢቅ አድርጋ አለፈች፣ ከኋላ ያለው ቀለባት። አሥራ አንዱም ጮሁብኝ።

ሰምቻለሁ። አይቻለሁም። ጣቴን ማንሳት ብቻ ነበረብኝ።

አሁን እንግዲህ የእኔን አመል እወቁልኝ። እዚህ ከተማ ሐበሻ ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ደባል ከደባሉ ሲኳረፍ፣ የምጠራው እኔ ነኝ። በእኛ ወግ ደግሞ አስታራቂ ፊት ለፊት "አንተ አጥፍተሃል፣ ውጣ" አይልም። ይለምናል፣ ያለዝባል፣ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መሀል ላይ ያገናኛል። ከዚህ ሌላ ዳኝነት ተምሬ አላውቅም። ስለዚህ ጣቴን ትቼ መዳፌን ዘረጋሁና የተቃራኒውን ቡድን አለቃ ወደ ጥግ ጠራሁት። የጭነት መኪና የሚነዳ ግዙፍ ሰው ነው።

ጉልበቱን ነገርኩት፣ የመጨረሻው ጨዋታ መሆኑን ነገርኩት፣ የቆሙትን አባት አሳየሁት። "ዲዲ፣ ነክታዋለች፤ ሰምተሻል" አለኝ ረጋ ብሎ።

"ሰምቻለሁ። ለእኔ ስትል ተወው" አልኩት።

ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ሦስቱን ኮፍያዬን አየና አቀርቅሮ ተመለሰ። ለቡድኑ ልጆች አንሾካሾከላቸው። እኔ ቦታዬ ተመልሼ ቆምኩ፤ ጣቴን አላነሳሁም። በልቤ፣ እሰይ፣ አንድ ቁም ነገር ሠራሁ አልኩ።

ቀጥሎ ወርዋሪው፣ ያ ከሩቅ እየተንደረደረ ሲለቅ የነበረው ሰው፣ ሦስት እርምጃ ተራምዶ ኳሷን ለሕፃን እንደሚወረውር ወረወራት። የእኔ ሰው ሳይመታት አሳለፋት። ሌላዋም እንደዚያው መጣች። አለቃውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ሦስተኛዋን ነካ አደረጋት፣ እግሩ ሥር የደረሰችለት ሰው ሆን ብሎ ለቀቃት፣ ሁለት ሮጡ። ሃምሳ። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ፤ ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡት ባላንጣዎቹ ናቸው። ሃምሳ የሞላ ሰው ዱላውን ወደ ላይ ያነሳል ብለውኝ ነበር፣ እሱ አላነሳም። ለቀጣይዋ ኳስ ገለል ብሎ ቆመ፣ ሄዳ እንጨቱን መታችው፣ ወጣ። አባቱ ቁጭ ብለዋል። አላጨበጨቡም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ እኔ እየነደድኩ ነው፤ ቀኔን አጥቼ፣ ፀሐይ አቃጥሎኝ፣ ሰው ለምኜ፣ አንድ አመሰግናለሁ የሚል ይጥፋ? የኢትዮጵያ ባልና ሚስት እንኳ ሲታረቁ ይመርቁኛል።

"ምን ብለሽው ነው?" አለኝ በመጨረሻ።

አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እንዲያውም አሳምሬ ነገርኩት። እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ሰማኝ።

"ኳሷ ዱላውን ስትነካው እኔም እጄ ላይ ተሰምቶኛል፤ ጣትሽን እየጠበቅኩ ነበር" አለ። "ብታነሺው ኖሮ አርባ ስምንቱ የራሴ ነበር።"

ደሜ ፈላ። ለአንተ ብዬ እኮ ነው፣ ምን ዓይነቱ ሰው ነህ ልለው ወደ እሱ ዞርኩ። ለካ የተጣላ ሰው አልነበረም። ማንን ከማን ነው ሳስታርቅ የዋልኩት?

ግቢያችን ልንገባ ስንል አባቱ ከኋላ ስልካቸውን አውጥተው አንድ ነገር ጠየቁት፣ እሱም ባጭሩ መለሰላቸው። ምን አሉ አልኩት።

"ዘመዶቻችን ጋ ሊደውል ነው። ስንት አገባ ልበላቸው ነው የሚለኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"አርባ ስምንት።"

አባቱ ከኋላ ሆነው መደወል ጀመሩ። እኔም መኪናውን አቁሜ፣ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠበቅኳቸው።