ፈገግታ ያበላሸው ቀረጻ

ጓደኛዬን የፊልም ሰዎች የሚያውቁት «ሟቹ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ተዋናይነትን ሲጀምር የሚደርሰው ሁሌ የሚሞት ሰው ነበር፤ ፊልሙ ገና ሳይሞቅ ወይ መኪና ይገጨዋል፣ ወይ በጥይት ይወድቃል። አሟሟት ታውቅበታለህ እያሉ ሌላ ነገር ከለከሉት። አራት ዓመት ሙሉ ሲሞት ኖሮ ሲመረው፣ የራሴን ፊልም እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። ድምፅ እንድቀርጽለት እኔንም ጎትቶ አስገባኝ።

ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንድ ሽማግሌ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የማይመጣ ልጁን ይጠብቃል። ሽማግሌውን ሆነው እንዲሠሩለት አባቱን ለመናቸው። አባትየው ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። በሥራ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው የማያውቁት ሰውዬ ለልጃቸው ሲሉ ሦስት ቀን ዘጉ። ፎቶ ለማንሳት ስልክ ሲደቀንባቸው ፊታቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን አስተኩሰው መጡ።

ችግሩ፣ ካሜራው በተነሳ ቁጥር ፈገግ ይላሉ። ሟቹ ይቆጣል፤ እሳቸው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ደግመው ፈገግ ይላሉ። በመጨረሻ ምን ሆነህ ነው ሲላቸው፦

«ልጄ እፊቴ ቆሞ፣ ልጄ ቀረብኝ ብዬ እንዴት ልዘን?» አሉት።

እኔ ሳቄን ሳፍን ማይኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

ያለን አንድ የካሜራ ካርድ ብቻ ስለነበር የሟቹ ደንብ አንድ ነው፤ የተበላሸ ቀረጻ እዚያው ይሰረዛል፣ ቦታው ለሚቀጥለው ይለቀቃል። ማይኩም የሚሰካው ካሜራው ላይ ስለሆነ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ሁለት ቀን ሙሉ የአባቱን ፈገግታ ሲሰርዝ ዋለ። አንዷን እንኳ ለቤታችሁ አስቀራት አላልኩትም። ጨዋታ ወዳድ ነኝ እንጂ አስተዋይ አይደለሁም። በሦስተኛው ቀን ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ አባቱን ከጀርባቸው ቀረጻቸው። በአንዴ አለቀ።

ፊልሙ ተወደደ፤ ትንሽ ሽልማትም አገኘ። ስለዚያ ጀርባ ያልተባለ ነገር የለም፤ እንዲህ ያለ ሐዘን ፊት አያስፈልገውም ብሎ የጻፈም ነበር። ሟቹም ሲጠየቅ ከመጀመሪያው አስቤበት ነው እያለ አፉን ሞልቶ ያወራል። እኔ አጠገቡ ቆሜ አዎ እላለሁ፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። አባትየው ፊልሙን ከፊት ወንበር ተቀምጠው ካዩ በኋላ ያሉት ነገር ቢኖር ኮቱ አምሮብኛል ብቻ ነው።

በዓመቱ አረፉ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የጓደኛዬ ታላቅ እህት መጣች። ያለን መታወቂያው ላይ ያለው ኮስታራ ፎቶ ነው፤ አባዬ ሲስቅ የሚያሳይ ነገር ለልጆቼ ስጠኝ፤ ሦስት ቀን ስትቀርጸው አልነበር ወይ አለችው።

ካርዱን ይዘን የተሰረዘ ይመልሳል ወደተባለ ባለሙያ ሄድን። ባለሙያው ሲፈትሽ ቆየና፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ስለተቀረጸበት አይሆንም አለን። ሟቹ እዚያው ሱቁ ውስጥ አለቀሰ። ካሜራ ፊት ስንቴ ሲሞት ያየሁትን ሰው፣ የእውነቱን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባል የለ። ተረቱ ለእኔም ነው።

የቀረችን ያቺ የጀርባ ቀረጻ ናት። ለእህቱ ከመስጠቱ በፊት ሳትቆረጥ ከመነሻዋ ጀምረን አብረን አየናት። ፊልሙ ላይ የሌሉ፣ «ጀምር» ከመባሉ በፊት ያሉ ጥቂት ሰከንዶች አሏት። የተተኮሰው ኮት ይታያል፤ አንገታቸው ትንሽ ዘንበል ይላል።

«ልጄ፣ አሁን ልዙር?»

«አትዙር አባዬ፣ እንደዛው ሁን።»