የሎጊያ መጋዘን የቆሙ ፍራሾች

ሙሉሐረግ የሎጊያንና የሰመራን ኑሮ የምታውቀው በፍራሽ ነው። ሬዲዮ አትከፍትም፤ የሰው ወሬም አትጠይቅም። በምትጠብቀው የጅምላ መጋዘን ውስጥ ነጠላ ፍራሽ መሳሳት ከጀመረ ወይ ለጥጥ እርሻው ሠራተኛ እየገባ ነው፣ ወይ በጅቡቲ መንገድ ዳር አዲስ አልጋ ቤት ሊከፈት ነው። የመጋረጃ ጣቃ ካለቀ ሰመራ ቢሮዎች ውስጥ ቅጥር አለ። ቁም ሣጥን ሲሸጥማ ደስታዋ ሌላ ነው! «ቁም ሣጥን የገዛ ሰው ለመሄድ አላሰበም» ትላለች።

ራሷ ከደሴ ለጥጥ ለቀማ ስትመጣ የተኛችው ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነበር። ለቀማው ሲያልቅ ጓደኞቿ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እሷ ግን ሎጊያ ቀርታ መጋዘኑን ልትጠርግ ተቀጠረች። የመጋዘኑ ባለቤት አቶ በለጠ ይባላሉ፤ ቤታቸውም ዋናው መጋዘናቸውም አዋሽ ነው። ሙሉሐረግ እየጠረገች ቆጠራ ለመደች፤ ቆጠራውን ስትችል ቁልፉ እሷ እጅ ገባ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ።

የሎጊያው መጋዘን የራሱ ደንብ አለው። ያልተሸጠ ፍራሽ ይተኛል፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ እስከ ጣሪያ ድረስ። ተሸጦ መኪና የሚጠብቀው ግን በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ስለዚህ እዚያ ቤት «ተኝቷል» ማለት ገዢ አጣ፣ «ቆሟል» ማለት ተሸጠ ነው። ሙሉሐረግ በየሰኞው አዋሽ ደውላ ክምችቱን ስትናገር የሚቀበላት ጥጋቡ የሚባል የዋናው መጋዘን ሠራተኛ ነበር። ጥጋቡ ሎጊያ ሠርቶ ስላለፈ ቋንቋዋ አይጠፋውም። ባለፈው ሳምንት ሥራ ሲለቅ ግን ስልኩን ራሳቸው አቶ በለጠ ያነሱ ጀመር።

«ፍራሹ እንዴት ነው?» አሏት በመጀመሪያው ሰኞ።

«ቆሟል፣ ጋሼ!»

«ሁሉም?»

«ሰማንያውም!» አለች፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። ካሊድ የሚባል፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለችው የዲቾቶ ከተማ ሰው ለሹፌሮች ማረፊያ እየሠራ ነበርና የቀራትን ጠራርጎ ገዝቷል፤ መኪናው ከጋራዥ እስኪወጣ ብቻ ነው የሚጠበቀው።

አቶ በለጠ ስልኩን ዘጉ። ገበያ ቆሞባት የምትስቅ ሴት ገጥማቸው አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት የአቶ በለጠ ሹፌር ደጀን አይሱዙውን ባዶውን እየነዳ መጣ።

«እትዬ ሙሉሐረግ፣ ፍራሹን ጭነህ ቁልፉን ተቀበላት ተብያለሁ። መጋዘኑ ሊዘጋ ነው።»

«ምን በወጣው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ገበያው ቆሟል ያልሽው አንቺ!»

ካሊድ ፍራሹን፣ እሷ ደግሞ እንጀራዋን በአንድ ቃል ሊያጡ ነው። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብላ ደወለች።

«ጋሼ፣ ገበያ የሚል ቃል ከአፌ መች ወጣ? ቆሟል ያልኩት ፍራሹን ነው!»

«ታዲያ የቆመ ዕቃ ምን ሊባል ነው?»

«የተሸጠ! የሚቆመው የተሸጠው ነው፤ ያልተሸጠውማ ይተኛል!»

«አንቺ ሴት፣ ሙቀቱ ናላሽን አዞረው እንዴ? ፍራሽ እንዴት ይቆማል?»

ደጀን እየሳቀ ስልኩን ተቀብሎ በቪዲዮ አሳያቸው። ፍራሾቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል። «ወለሉን አሳየኝ» አሉ አቶ በለጠ። ባዶ ሲሚንቶ፤ የተኛ ፍራሽ የለም። እሳቸው ግን በቀላሉ የሚያምኑ አይደሉም። ሙሉሐረግ በደጀን ስልክ ካሊድ ጋ ደውላ ሁለቱን ስልኮች አፍ ለአፍ አስጠጋች። ካሊድ በአማርኛው ትንሽ ትልቁን «አንተ» ነው የሚለው።

«ስማ ሽማግሌው፣ ወላሂ ፍራሼን ከወሰድክብኝ ሹፌሮቹን ሁሉ አንተ ቤት ነው የማስተኛቸው!»

አቶ በለጠ ረጅም ሳል ሳሉ።

«ደጀን፣ ዲቾቶ አድርስለት። ቁልፉን ተዋት።»

ስልኩን ግን አልዘጉትም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ፣ በጥጋቡ በኩልም ቢሆን፣ «ስንት ቀረሽ?» እንጂ ሌላ ነገር ጠይቀዋት አያውቁም።

«ሙሉሐረግ፣ ምን ልላክልሽ?»

አፏን ሞልታ መለሰች። «ነጠላ ፍራሽ ሁለት መቶ። የሕፃን አልጋ ደግሞ ሃያ።»

«ሃያ? ሎጊያ ማን ይገዛሻል?»

«ቸርቻሪዎቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየጠየቁኝ ነው። ሰዉ እየወለደ ነው፣ ጋሼ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«እሺ፣ ሃያ» አሉ አቶ በለጠ። ትእዛዙን ሊጽፉ ወረቀት ሲያገላብጡ ይሰማ ነበር።