ሁለቱም ገቡ

በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ባሕር ዳርቻ ላይ፣ በሚያዝያ ዝናብና ነፋስ ባለፈ ቁጥር፣ አንድ ሽማግሌ፣ ኦዲል የምትባል ሴት ወደምትጠብቀው፣ ባሕር ተሻጋሪ ወፎች ወደሚያርፉበት ጫካ ይመጣሉ። ነጭ የአጥማጅ የጎማ ቦቲያቸውን እንደተጫሙ ዛፍ ሥር ይቀመጡና የዳቦ ጥቅልላቸውን ሳይፈቱ ጭናቸው ላይ ያኖሩታል። ኦዲል ስማቸውን አታውቅም።

ዛሬ ቀድሞ የደረሰው ጉሮሮ ቀዩ ሃሚንግበርድ የሚባለው ትንሽ ወፍ ነው። ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ ገና ከመድረሱ ግን እዚያ የሰነበተ ሌላ ሃሚንግበርድ አባርሮ ለወፎች የተሰቀለውን የስኳር ውሃ ይጠጣ ጀመር።

«ጉረኛው ገባ» አሉ ሽማግሌው። ዳቦውን አልነኩም።

ቆይቶ ጥቁር ቆብ ያጠለቀ የመሰለው ዋርብለር የሚባለው ቢጫ ወፍ መሬት ላይ ዱብ አለና ዐይኑን ጨፈነ።

«ምን ሆነ አባባ?» አለች ኦዲል።

«ተዪው ልጄ፣ ደክሞት ነው። ያኛው ሳይጣላ አይበላም፣ ይሄኛው ሳይተኛ አይበላም። የተሻገሩት ባሕር ግን አንድ ነው። ተመስገን፣ ሁለቱም ገቡ።»

ሌላው ጎብኚ «ወፍ አየሁ» ነው የሚለው። «ገባ» የሚሉት ወደብ ቆመው ባሕር የወጣ ሰዋቸውን ጀልባ የሚጠብቁ የሽሪምፕ አጥማጅ ቤተሰቦች ናቸው። ሽማግሌውን ማን ሳይገባ እንደቀረባቸው ኦዲል ጠይቃቸው አታውቅም።

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱና ጥቅልሉን ፈቱ። ሁልጊዜ ሁለት ዳቦ ይዘው መጥተው አንዱን ሳይነኩት ወደ ቤት ይመልሱ ነበር። ዛሬ ያንኑ ለሷ ዘረጉላት።