የሶስና መንጋጋና የይጁቤ ማር

ከደብረ ማርቆስ እስከ አማኑኤል ብትፈልጉ ልጅ በማሳደግ የሚበልጠኝ አባት አታገኙም። ይህን ለጎረቤት ሁሉ እያወራሁ ሳለ የአራት ዓመቷ ልጄ ሶስና ዳቦ በግራ በኩል ብቻ ማኘክ ጀመረች። ያስተዋለችው እናቷ ትርንጎ ናት። እኔማ አላየሁም።

አፏን ከፍተን ብናይ በቀኝ በኩል የላይኛው መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ጠቁሯል።

"የወተት ጥርስ አይደል? ይወድቃል" አልኩ።

ደግሞስ መድኃኒቱ በእጄ አይደል! ይጁቤ ያለው አጎቴ የሚልክልኝ ነጭ ማር ሙት ያስነሳል ብዬ የምምልለት ነው። ሶስና ማታ ማታ ወተቷን የምትጠጣው በሱ ነበር፤ ጡጦውን አፏ ውስጥ እንዳደረገች እንቅልፍ ይወስዳታል። ጥርሷን ሲያማት ደግሞ ያንኑ ማር በጣቴ እየዛቅሁ ጉድጓዱ ላይ ቀባሁላት።

አንድ ጠዋት ጉንጯ አብጦ ተነሳች። ትኩሳቷ እጅ ያቃጥላል። ውሃ እንኳ እምቢ አለች። አንድ ዓይኗ ጠበበ። ቀልድ አለቀብኝ።

ይዘናት ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሮጥን። ሐኪሟ ወጣት ናት። የሶስናን ድድ አየችና "አብሰስ ነው። ከጥርሱ ሥር መግል ይዟል" አለች። "ቢቆይ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይኗ ሊዛመት ይችላል። ማታ ምን ትጠጣለች፣ አባት?"

"ወተት።"

"ብቻውን?"

ሶስና ባበጠ ጉንጯ "በማር!" አለች።

"ማር ለጥርስ ያው ስኳር ነው። ስትተኛ ምራቋ ስለሚቀንስ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷ ላይ ያድራል። የወተት መንጋጋ ደግሞ እስከ አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ያገለግላል። እስከዚያ እርስዎ ያኝኩላታል?"

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ቀፎ አደረግሃት እኮ!"

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች።

አንቲባዮቲኩ እብጠቱን ካበረደው በኋላ መንጋጋው ተነቀለ፤ መቦርቦር የጀመሩት ሁለት ጥርሶቿም ተሞሉ፤ ያቺ ውሃ እምቢ ያለች ልጅ ከጥቂት ቀን በኋላ ከሳህኔ ላይ ዳቦዬን ነጥቃ፣ አፏን ሞልታ፣ በጎደለው ጥርሷ እየሳቀችብኝ ግቢውን ስትዞር፣ እኔ ደስታዬ ጮቄ ተራራ ላይ ወጥቶ ነበር።

እናንተ የትንንሽ ልጆች ወላጆች፣ ጥርሳቸው ላይ ነጭ ወይም ቡናማ ነጥብ ካያችሁ እስኪያማቸው ሳትጠብቁ ለጥርስ ሐኪም አሳዩ። ጡጦ አፋቸው ውስጥ ይዘው አይተኙ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ከሦስት ዓመት በታች ለሆነው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው የአተር ያህል፣ ጠዋትና ማታ ተጠቀሙ። ሰባት ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው ብሩሹን እናንተ ያዙ። ማታ ከቦረሻችሁላቸው በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አትስጧቸው።

ያቺን ሐኪም እግዜር ይስጥልኝ። ስንሰናበት "እርስዎም አንድ ቀን ይታዩ" ብላኝ ነበር። የግራ መንጋጋዬን ካመመኝ ሁለተኛው ክረምት ነው። አልሄድኩም። መርፌ እፈራለሁ።